ለእጅ የተባለው ቅባት

ዘነቡ ሮቤ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ስንዴ ታበጥራለች፤ ትለቅማለች። ሥራው ቀላል ነው ይላሉ፣ የማይሠሩት። ቦና በሚባለው የበጋ መኸር ኮምባይነሮቹ ማሳውን ጨርሰው ጆንያው እስከ ጣሪያ ሲቆለል፣ የእብቁ ብናኝ ከወንፊቱ ተነሥቶ በእጅጌ፣ በአንገት፣ በጣቶች መካከል ይገባል። ታጥቦም አይለቅም። ከመጋዘኑ ሴቶች ግማሾቹ ያስላቸዋል፣ ግማሾቹን ያሳክካቸዋል። ዘነቡ የደረሳት ማሳከኩ ነው። መጀመሪያ በጣቶቿ መካከል ቀላ፤ ከዚያ በላት፤ ከዚያ ቆዳው ተሰነጠቀ።

ባሏ ጉርሜሳ የኮምባይነር ሹፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ምሳውን በልቶ ሊታጠብ ሲነሣ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። በለቅሶው ላይ ዘነቡ አላለቀሰችም። አንዳንዱ ጥንካሬ ነው አለ፤ አንዳንዱ ድንጋጤ ነው አለ። ሁለቱም አልነበረም። ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ድድን በመርፌ እንደሚያደነዝዘው ያለ ነገር ነበር፦ ቦታው ላይ አለ፣ በምላስ ሲነካ ግን የራስ አይመስልም። ከዚያ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ታስታውሳለች። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ በነጠላዋ ሥር እጇን ታክክ ነበር።

የቱቦውን ቅባት የሰጣት ዑስማን ነው። ዑስማን ከስልጤ መጥቶ ገበያው ጥግ ሱቅ ከከፈተ አሥር ዓመት ሆኖታል። ሳሙናም ባትሪም ይሸጣል፤ ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልጋቸው የሚመስሉት መድኃኒቶች አሉ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ እጅ ዝናብ ያጣ መሬት መሰለ እኮ» አላት።

«ሥራ ነው።»

«ሥራማ እኔም እሠራለሁ። ዋላሂ የኔ እጅ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«አንተ ምን ትነካለህ? ብስኩት ነው።»

ሳቀና ቱቦውን አወረደ። «ለእጅ ነው። ቀዩ ቦታ ላይ፣ ጥቂት ቀን። ሌላ ቦታ እንዳይነኩበት፣ ኃይለኛ ነው።»

ዘነቡ የሰማችው ኃይለኛ የሚለውን ብቻ ነበር። ኃይለኛ ነገር ደግሞ አይባክንም። የስንዴ ፍሬ የምታህል አውጥታ ለሁለት እጅ አዳረሰቻት። እጇ ሁለት ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል፤ እንደገና ፍሬ ታህል፣ እንደገና ጋብ። እንዲህ እያለ ወር አለፈ።

ሮቤን የሚያውቅ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ ያውቃል። ፊት ይልጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ጠዋት ፊቱን ሳይቀባ ከቤት የሚወጣ የለም። የዘነቡ ቤት የቫዝሊን ብልቃጥ መስኮቱ ሥር፣ ከማበጠሪያው ጎን ይቀመጣል፤ የሚወጣ ሁሉ በሁለት ጣቱ ጭልፍ አድርጎ ፊቱን አብሶ ይወጣል። አመዱ ቦኖ የታየ ሰው ቤቱን ያሰድባል። ድሃ መሆን ይቻላል፤ አመዳም መሆን አይቻልም።

የካቲት ላይ ነፋሱ የዘነቡን ጉንጭ ላጠው። ጣቷ ላይ የቀረውን ቅባት ሳታስበው ጉንጯ ላይ አበሰችው። በማግስቱ መስተዋት ስታይ ጉንጯ የሃያ ዓመት ሴት ጉንጭ መስሏል። ደስ አላላትም፤ ደስታ ከሄደ ቆይቷል። ግን የሚሠራ ነገር ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። ሦስት ቱቦ ገዝታ ብልቃጡ ውስጥ ጨመቀች፣ በክብሪት እንጨት አዋሐደች፣ ክዳኑን ዘጋች። የመጀመሪያውን ቱቦ ለእጇ አስቀረች። ማንም አላያትም፤ የሚታይ ነገር መሆኑም አልታሰባት። ቅቤ ውስጥ ቅመም እንደ መጨመር ያለ ነው።

ቤቱ ውስጥ ከሷ ሌላ ያለችው አንዷ ልጇ ሊድያ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የአፀደ ሕፃናት መምህርት። ደራራ የሚባል የጎባ ልጅ ጠይቋት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሠርጉ ለጥር አሥራ ስምንት ተቆርጧል። ክረምቱ ሳይገባ ሰው ስለ ሊድያ ፊት ማማር ማውራት ጀመረ። መጋዘኑ ውስጥ ከዘነቡ ትይዩ የምታበጥረው ኦብሴ ሳትቀር፣ «ልጅሽን ምንድን ነው የምታበያት? ሙሽርነቱ ቀድሞ ፊቷ ላይ ወጣ እኮ» አለቻት።

«የምንበላውን ነው የምትበላው።»

«እንግዲያው እኛም ቤታችሁ እንብላ።»

ዘነቡ ወንፊቷን ነቀነቀች። ብልቃጡ ሲጎድል ደግሞ ሦስት ጨመረችበት።

ሰው ፊቱን ራሱ አያየውም፤ የሚያዩት ሌሎች ናቸው። እጁን ግን ቀኑን ሙሉ ያየዋል። ሆኖም ለማያየው ይለግሳል፣ ለሚያየው ይሰስታል። ዘነቡ በዚያ ዓመት ለፊት ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት ቱቦ አወጣች፤ እንጀራዋን ለሚያመጣላት እጇ የሰጠችው ግን ከአንዱ ቱቦ በፍሬ በፍሬ ነበር።

ኅዳር ላይ ሊድያ ለመምህራን ሥልጠና ገሰራ ሄደች። ሰባት ቀን። ብልቃጡን ይዛ አልሄደችም። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ይቃጠል ጀመር፤ በአምስተኛው ቀላ፤ በአፏ ዙሪያ ጥቃቅን ሽፍታ ወጣ። የገሰራ ውኃ አልተስማማኝም ብላ ተመለሰች። በተመለሰች ማግስት ከብልቃጡ ተቀባች፤ በሁለት ቀን በረደ። «የቤት ነገር እኮ ይሻላል» አለች። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ዕቃ ቀንሳ በቦርሳዋ ትይዝ ጀመር። ሽፍታው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ከአገጯ ላይ ብቅ ይላል፤ በተቀባች ቁጥር ይተኛል፣ በነጋታው በዝቶ ይነሣል።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን እናትና ልጅ ጎባ ሄዱ። ሂካ የሚባል የጤና መኮንን በግል ክሊኒክ ውስጥ ሕመምተኛ ያያል፤ የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ ዘመድ በዘመድ ያውቁታል።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ዘነቡ?» አለ፣ በኦሮምኛ ሰላም እያለ ከወንበሩ ተነሥቶ። ከዚያ የሊድያን ፊት ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ አየው። «ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«ቫዝሊን።»

«ሌላስ? የሚያጠራ ምናምን የሚሉት?»

የሊድያ አገጭ ቀና አለ። «እንደሱ ዓይነት ነገር አልነካም። እግዚአብሔር የሰጠኝ ይበቃኛል።»

«አላልኩሽም። ፊትሽ እንደዚያ ስለሚመስል ነው የጠየቅኩት።» ወደ ዘነቡ ዞረ። «እርስዎም ጉንጭዎ ቀላ ብሏል፤ የደም ሥሩ ሁሉ ይታያል።»

«የኔ እርጅና ነው» አለች ዘነቡ።

ያን ጊዜ አወቀች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ብልቃጡንም፣ ቱቦዎቹንም፣ የክብሪት እንጨቱንም በዓይነ ልቡናዋ እያየች ተቀመጠች። መናገር ነበረባት። አፏ ግን አልከፈት አለ፤ ከፍርሃት ሳይሆን ከሩቅ የሚታይ የሰው ጉዳይ ስለመሰላት። ሂካ ለጊዜው የሽፍታ መድኃኒት ጻፈ፣ ሳሙና ቀይሪ አለ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ አለ።

የሮቤው ሚኒባስ ሞልቶ ወጣ። ከፊታቸው ሁለት ሰዎች ስለ ማዳበሪያ ይከራከራሉ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ነፋሱ የሊድያ ጉንጭ ላይ ያርፋል። ሊድያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ትንሿን ዕቃ አወጣች፣ በጣቷ ጭልፍ አድርጋ ከዓይኗ ሥር ጀምራ እስከ አገጯ አበሰች። ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደሚቀባ ሰው።

«ሊድያ» አለች ዘነቡ። «እሱ ውስጥ የዑስማን ቅባት አለበት።»

«የቱ ቅባት?»

«የእጄ። ከየካቲት ጀምሮ ቫዝሊኑ ውስጥ እየጨመርኩበት ነው።»

ሊድያ ጣቷን ከአገጯ ላይ ሳታነሣ እናቷን አየቻት። ሁለቱ ሰዎች አሁንም ስለ ማዳበሪያ ያወራሉ።

«ሰውየው ጠየቀን እኮ። አንቺንም ዞሮ አይቶሻል።»

«አዎ።»

«እኔ አልነካም ብዬ ማልኩ።»

«አልማልሽም። ተናገርሽ እንጂ።»

ሊድያ ዕቃዋን ከደነች። «ሾፌር፣ ወራጅ አለ» አለች። ሮቤ ገና ሩቅ ነበር። በግራም በቀኝም የታጨደ የስንዴ ማሳ ብቻ ባለበት ወረዱ፤ ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው ወደ ጎባ የሚሄድ መኪና ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሙ።

ሂካ ትንሿን ዕቃ ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰ። «ስንት ቱቦ?»

«ለአንድ ብልቃጥ ሦስት። ሲያልቅ እንደገና» አለች ዘነቡ።

አልተቆጣም። ብዙ ጊዜ አይቶታል መሰለኝ በሚያሰኝ ፊት ብዕሩን አስቀመጠ። «ይሄ ስቴሮይድ የሚባለው ነው። መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለተቆጣ ቆዳ የተሠራ ነው። እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።» እጇን ገልብጦ አየው። «ለዚህ እጅ ስንት ነው የሚቀቡት?»

«የስንዴ ፍሬ ታህል።»

«ለስንት ጣት?»

«ለሁለቱም እጅ።»

ሂካን ሳቅ አመለጠው። «ለፊት በብልቃጥ፣ ለእጅ በፍሬ። አዴ፣ ገልብጠውታል።» ከመሳቢያው ቱቦ አውጥቶ በአመልካች ጣቷ ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ አንድ መስመር ጨመቀ። «ይቺ ለአንድ እጅ ነች፤ ለውስጡም ለጀርባውም። ለሁለት እጅ ሁለት።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ። በቀን አንዴ፣ ቀዩና የሚበላው ቦታ ላይ፣ እስኪበርድ። ሲበርድ ያቆማሉ። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ካልበረደ እኔ ጋ ይመጣሉ እንጂ ሌላ ቱቦ አይገዙም። ንጹሕ ቫዝሊን ግን በቀን አምስቴም ቢቀቡ ደግ ነው። ብቻ ሁለቱን አያዋሕዱ፤ ግማሽ ሰዓት ያለያዩዋቸው። ወንፊት ሲይዙ ደግሞ ጓንት።»

«ጓንት ለብሶ ስንዴ ይለቀማል?»

«ለማበጠሩ ይልበሱ። ለመልቀሙ እግዜር ያውቃል።»

ሊድያ ወንበሯን አስጠጋች። «የኔስ?» አለች።

ሂካ ወንበሩን ወደሷ አዞረ። «የፊት ቆዳ ስስ ነው፤ ይሄን የመሰለ ኃይለኛ ቅባት አይችልም። ዓይን አጠገብ ሲሆን ለዓይንም ይተርፋል፤ ዓይንሽንም ታስመረምሪያለሽ። ቆዳው ለምዶታል። አሁን ስትተዪው ገሰራ አየሁ ያልሽኝ ይመጣል፤ ከዚያም ይብሳል። ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ይላጣል። ሳምንታት ይወስዳል፤ ወራት የሚወስድበትም አለ። ከዚያ ይለቃል።»

«ሠርጌ ጥር አሥራ ስምንት ነው።»

ሂካ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ለቆዳ ሐኪም ወረቀት ጻፈላት። «እሱ የሚያግዝ ነገር ይሰጥሻል። እስከዚያ ይደርሳል ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም።»

«እስከ ሠርጉ ብቻ ብትቀባውስ?» አለች ዘነቡ። «ከዚያ ብትተወው?»

«አዴ፣ ከሠርጉ በኋላም ፊት ያስፈልጋታል።»

የቆዳ ሐኪሙ በሳምንቱ ያንኑ ተናገረ፤ የሚዋጥ መድኃኒትና ሽታ የሌለው ማለስለሻ ሰጣት፤ ዓይኗንም አሳየች፣ ደህና ነው ተባለች። ብልቃጡን ዘነቡ በማንኪያ ጠርጋ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ጣለችው። ሳይነገራት ራሷም ፊቷን መቀባት ተወች።

ቅባቱን በተወች በአራተኛው ቀን የሊድያ ፊት ተቀጣጠለ። የዓይኗ ሥር አበጠ። ጠዋት ውኃ ስታስነካው ትንፋሿን ትይዛለች። አፀደ ሕፃናቱ ውስጥ ልጆቹ «ቲቸር፣ ፀሐይ በላሽ?» ይሏታል፤ «አዎ፣ በላኝ» ትላለች። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። ጠበል የመከረም፣ ጸሎት የመከረም፣ ሬት የመከረም መጣ። ዘነቡ ለመጣው ሁሉ ወንበር አቀረበች፤ የመከሩትን ሁሉ ሰማች፤ አንዱንም አላደረገችም። ደራራ መጥቶ ፊቷን ሲያይ «እናራዝመው እንዴ?» አላት።

«ልብሱ ተሰፍቷል፣ ሰው ተጠርቷል» አለች ሊድያ። «ፊት ነው ያልደረሰው።»

በዚያው ሰሞን የዘነቡ እጅ ዳነ። ከጣት ጫፍ እስከ አንጓ፣ በቀን አንዴ፣ ዘጠኝ ቀን። ስንጥቁ ገጠመ፣ መብላቱ ቆመ። ዓመታት ያሰቃያት ነገር በዘጠኝ ቀን ሲሄድ ምን ሊሰማት እንደሚገባ አላወቀችም። የልጇ ፊት እንዲህ ሆኖ የሷ እጅ መዳኑ ዓይኗ ሥር የተቀመጠ ሐቅ ነበር፤ የሚያሳፍርም የማያሳፍርም አልሆነላትም። ጉንጯ ግን እንደ ልጇ ይቃጠላል። ለማንም አልተናገረችም።

ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሊድያ ከሥራ መጥታ ጓዳ ገባች። ዘነቡ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«ቱቦው የታለ?»

«የቱ?»

«እጅሽ ድኗል። የተረፈውን ስጪኝ። ለሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ መተዉን እጀምራለሁ።»

«ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምትጀምሪው። ወር ችለሽዋል።»

«የቻልኩት አንቺ ስለጨመርሽብኝ ነው።»

«አዎ።»

«አዎ፣ አዎ ትያለሽ እንጂ አታዝኚም። አባዬ ሲሞትም አላለቀስሽም። ሰው ሁሉ አይቷል።»

ዘነቡ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አላለቀስኩም» አለች። «እኔን ያደነዘዘኝ ከቱቦ የወጣ አይደለም፤ ራሱ መጣ። መቼ እንደሚለቀኝም የነገረኝ የለም። አንቺ ግን ይለቅሻል። ሰውየው ብሏል።» ቱቦውን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ አሳየቻትና መልሳ ከተተችው። «እቺ ለእጅ ናት።»

በማግስቱ ወደ መጋዘን ስትሄድ በዑስማን ሱቅ በኩል አለፈች። «ልጄ ብትመጣ እንዳትሸጥላት» አለችው።

«መጥታ ነበር፣ ትናንት በአሥር ሰዓት።» ዑስማን መደርደሪያውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «እጅሽን አሳዪኝ አልኳት። እጇ ደህና ነው። እንግዲያው ለምንሽ ነው አልኳት። ሌላ ሱቅ አለ ብላኝ ወጣች።»

እውነት ነው፤ ሌላ ሱቅ አለ። ሮቤ ውስጥ ብቻ ስንት አለ። ዘነቡ ያን ቀን ሙሉ ስታበጥር ዋለች። አንድ ቱቦ ኪሷ ውስጥ መያዟ ምንም እንደማያድን ገባት፤ ቀሪው የሊድያ ነው። የሰው ልጅ ለሌላው የሚዘጋው በር ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው።

ጥር አሥራ ስምንት ጠዋት ሙሽሪትን ልታስውብ የመጣችው ሴት ሳጥኗን ከፍታ የሊድያን ፊት ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊቱ ቀይ ነበር፤ ከአገጩ ላይ ይላጣል። ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ሌላ ሱቅ እንዳልተሄደ አወቀች።

«ወፍራም አድርጌ ልሸፍነው» አለች ሴትዮዋ።

«ያቃጥለኛል። ዓይኔን ብቻ ኩይኝ።»

«ለፎቶውስ?»

«ፎቶው እኔን ያንሣ።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው አንሾካሾከ። የደራራ አክስት፣ ከጎሮ የመጡ አንደበተ ፈጣን ሴት፣ ምሳ ላይ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» አሏት።

«መድኃኒት ነው፣ እትዬ። ያለ ቦታው ተቀብቼው። አሁን እየለቀቀኝ ነው።»

«ማን ሰጠሽ?»

ሊድያ ሥጋ እየቆረጠች ወዳለችው እናቷ ዓይኗን አላነሣችም። «ከቤት ነው» አለች፤ ሳህኑንም ወደ አክስትየው ገፋችላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሙሽራው መኪና በር ላይ ቆመ። ሊድያ በወጉ ከዘመዱ ሁሉ እየተሳሳመች መጣች። እያንዳንዱ ጉንጭ ሲነካት ዓይኗ ጠበብ ይላል፤ ሴቶቹም ይህን አይተው በአየር ላይ ስመው ያልፏታል። እናቷ ፊት ደርሳ ቆመች። ዘነቡ እጇን ትከሻዋ ላይ ልታደርግና በዚያው ልታሰናብታት አስባ ነበር።

ሊድያ ጉንጯን ከእናቷ ጉንጭ አገናኘች። ሁለት የተላጡ ቆዳዎች ተነካኩ፤ ዘነቡ እሳት የነካት ያህል አመማት። በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ። ሕመሙ የሷ ነበር፤ ሩቅ አልነበረም። ሊድያም አላራቀችም፤ በሦስተኛው ላይ እንዲያውም ጥቂት ቆየች።

«ሌላ ቱቦ አልገዛሁም» አለቻት፣ በጆሮዋ።

«አይቻለሁ» አለች ዘነቡ።

መኪናው ወደ ጎባ መንገድ ታጠፈ። ዘነቡ ደጃፉ ላይ ቆማ ጉንጯን ሳትነካ ቀረች፤ ነፋሱ እየመታው እስኪበርድ ድረስ።